ማን ከፈለው?

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ለዚህ ይሆናል፣ እንግሊዝ አገር አንድ ያረጀ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሌላው ሰው ቀና ብሎ ጣሪያ ሲያይ እኔ «ይሄን ማን ከፈለው?» ማለት የምጀምረው። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። «እግዜር ቤት ገብተህም ደረሰኝ ትፈልጋለህ?» ትለኛለች። እፈልጋለሁ። ደረሰኙ ደግሞ ግድግዳው ላይ አለ፤ ማንበብ ብቻ ነው።

አገሩን ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። እንግሊዝ ውስጥ ከመካከለኛው ዘመን የተረፉ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት በሺዎች ይቆጠራሉ። ጥቂት ቤት ብቻ ያለበት መንደር ትሄዱና ከመንደሩ ሕዝብ አሥር እጥፍ የሚይዝ ሕንፃ ታገኛላችሁ። ቀን ቀን በሩ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው። ጠባቂ የለም፣ ትኬት የለም። ውስጡ በበጋም ይበርዳል። ግድግዳው ነጭ፣ ባዶ ነው። ብዙ ጎብኚ ይሄን አይቶ «እንግሊዞች ድሮም ነገር ማብዛት አይወዱም» ብሎ ይወጣል። ነጩ ግን ኋላ የመጣ ነው። እንደርስበታለን። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሕንፃው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይዘረጋል። በምዕራብ በኩል ደወል የተሰቀለበት ግንብ አለ። ቀጥሎ ሕዝቡ የሚቆምበት ሰፊ ክፍል ነው፤ ኔቭ ይሉታል። ምሥራቅ ጫፍ ላይ ካህኑ የሚቀድስበት ቻንስል አለ። ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው ነገሩ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። እኔን የገረመኝ ክፍያው ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጸናው የእንግሊዝ ልማድ እንዲህ ይላል፦ ቻንስሉን የሚጠግነው አስራቱን የሚሰበስበው የደብሩ አለቃ ነው። ሬክተር ይሉታል። ኔቩን የሚጠግነው ሕዝቡ ነው።

ይቺ አንዲት ደንብ ብዙ ነገር ትፈታለች። ከውጭ ቆማችሁ ስታዩ ብዙ ጊዜ ቻንስሉ ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ሥራው ያረጀ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ኔቩ ግን ረጅም ነው፣ ሰፋፊ መስኮት አለው፣ ምናልባት ሁለት መቶ ዓመት ያህል ያንሳል። ሕዝቡ አዋጥቶ ሲያሠራ አለቃው ዝም ብሏል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ አለቃው ሰው እንኳ አልነበረም። አስራቱ ሩቅ ላለ ገዳም ተሰጥቶ፣ ገዳሙ ደግሞ ርካሽ ተተኪ ቄስ ቀጥሮ የተቀረውን ይወስዳል። እንዲህ ያለ ባለዕዳ መስኮት ለማስፋት አይቸኩልም።

ሕዝቡ የሚሸከመው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አልነበረም። በ1305 ገደማ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሮበርት ዊንቸልሲ ምእመናን ማሟላት ያለባቸውን ዕቃ ዘርዝረው አወጡ። ጽዋ፣ ልብሰ ተክህኖ፣ የቅዳሴና የዜማ መጻሕፍት፣ የዑደት መስቀል፣ ጽንሐሕ፣ ደወሎች ከነገመዳቸው፣ ቁልፍ ያለው የጥምቀት ገንዳ። ቁልፉ ለምን? ሰዎች የተባረከውን ውኃ እየቀዱ ለጥንቆላ ይወስዱት ስለነበር ነው። እስከ ዛሬ የብዙ ገንዳዎች አፍ ላይ የብረት ማጠፊያው የነቀለው ስብራት ይታያል። እኔ እጄን ሰድጄ ሳልዳስሰው አላልፍም።

አሁን ወደ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ወደ ሰፎክ ልውሰዳችሁ። ብላይበራ የምትባል መንደር አለች። ባሕር ገብ ረግረግ ዳር ላይ ናት። የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያኗ ከሩቅ ስትታይ ረግረጉ ላይ የተንሳፈፈች ትመስላለች። የአካባቢው ሰው «የረግረጉ ካቴድራል» ይላታል። የተሠራችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ መንደሯ ወደብ በነበረች ጊዜ። አካባቢው ጥሩ የሕንፃ ድንጋይ የለውም። ያለው ባልጩት ነው። ስለዚህ ግድግዳውን በባልጩት ሞልተው፣ የተጠረበውን ድንጋይ ከሩቅ አስመጥተው ለማዕዘንና ለመስኮት ብቻ ተጠቀሙበት። ባልጩቱን ፈልጠው ጥቁሩን ፊት ወደ ውጭ በማድረግ ከነጩ ድንጋይ ጋር ጌጥ ይሠሩበታል። ድህነት ያመጣው ጥበብ ነው ብል አላጋነንኩም።

ውስጥ ስትገቡ ብርሃን ይቀበላችኋል። እዚህ ኔቩና ቻንስሉ በቅስት አይለዩም፤ አንድ ወጥ ሆነው ይዘልቃሉ። ድንበሩን የሚያሳየው ከእንጨት የተፈለፈለ መለያ ብቻ ነበር። ከላይ ጣሪያው ላይ መላእክት አሉ። ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ጀርባ ለጀርባ ተጣምደው፣ ግማሹ ወደ ምሥራቅ ግማሹ ወደ ምዕራብ ያያሉ። ቀለማቸው ፈዟል እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም። በጣሪያው እንጨት ላይ ቀይና አረንጓዴ ሥዕል አሁንም ይለያል። ጣሪያው ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነገር እንዲህ ቀለም በቀለም እንደነበረ ለመገመት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

አግዳሚ ወንበሮቹን ደግሞ እዩ። መቀመጫ እራሱ በኋላ የመጣ ቅንጦት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሕዝቡ ቆሞ ነበር የሚያስቀድሰው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወንበር ሲስፋፋ አናጢዎቹ የወንበሩን ጫፍ መፈልፈል ጀመሩ። ብላይበራ ላይ የተፈለፈሉት ኃጢአቶች ናቸው። ስግብግቡ የገንዘብ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ሰነፉ አልጋው ውስጥ ነው። ሐሜተኛው ምላሱን አውጥቷል። እንግዲህ አንድ ገበሬ እሑድ ጠዋት እንቅልፍ ሲታገለው ክንዱን አልጋ ውስጥ ባለው ሰውዬ ላይ ያሳርፋል ማለት ነው። የሠራው ሰው ሲሠራ ሳይስቅ የቀረ አይመስለኝም።

ብላይበራ ላይ የከፋዮቹን ስም በቀላሉ አታገኙም። ስም ከፈለጋችሁ በዚያው አውራጃ ወደ ሎንግ ሜልፎርድ ሂዱ። ከተማዋ በሱፍ ጨርቅ ንግድ የከበረች ነበረች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነጋዴዎቿ ቤተ ክርስቲያኑን እንደገና ሲያሠሩ ስማቸውን ውጭ ግድግዳው ላይ፣ ከመስኮቶቹ በላይ፣ በድንጋይና በባልጩት አስጻፉት። ጆን ክሎፕተን የሚባለው ዋናው ከበርቴ ነው። ሌሎችም አሉ። ይዘቱ በግርድፉ «ይህን ላሠሩት ለእገሌና ለእገሊት ነፍስ ጸልዩ» ነው።

መጀመሪያ ሳየው «ጉራ» ብዬ ነበር ያለፍኩት ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን እንዲያ አልመሰለኝም። ተዝካር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ነፍስ ከሞት በኋላ የምትነጻበት ቦታ አለ ብለው ያምናሉ። የሕያዋን ጸሎት ያንን ጊዜ ያሳጥራል። ስለዚህ መስኮት የሰጠ ሰው ስሙ መታወስ አለበት፤ ካልታወሰ የሚጸልይለት የለም። ገንዘቡ ይሄንን ነበር የሚገዛው። የጣሪያው መላእክት፣ ባለቀለሙ መስታወት፣ ወርቅ የተቀባው መለያ፣ አብዛኛው በዚህ መንገድ ነው የመጣው። ያንን እምነት ስታወጡ ገንዘቡ ይቆማል። ደግሞም ቆመ።

ሀብታም ነጋዴ የሌለበት መንደርስ? እዚህ ላይ የምወደው መዝገብ አለ። ከምዕራብ እንግሊዝ፣ ከዴቨን፣ ሞርባዝ ከምትባል በግ አርቢ መንደር የተገኘ ነው። ቄሱ ክሪስቶፈር ትሪኬ ይባላሉ። ከ1520 እስከ 1574 በዚያው አጥቢያ ቆይተው የገቢና የወጪ ሒሳቡን በእጃቸው ጻፉ። በመዝገባቸው መንደሩ ሠላሳ ምናምን ቤተሰብ ብቻ ነው። ቢሆንም የወጣት ወንዶች ካዝና አለ፣ የልጃገረዶች ካዝና አለ፣ የየቅዱሳኑ መብራት ካዝና አለ። የቤተ ክርስቲያኑ በጎች በምእመናን መንጋ ውስጥ ተበትነው ይረባሉ፤ ሱፋቸው ተሽጦ ሻማ ይገዛበታል። ኤል የሚባለውን ቢራ ጠምቀው ይሸጣሉ፣ ትርፉ ለቤተ ክርስቲያን። ቄሱ ለሙታን ጸሎት የሚሆን ጥቁር ልብሰ ተክህኖ ፈልገው ለሃያ ዓመት ያህል ሳንቲም በሳንቲም አጠራቀሙ። ልብሱ በ1547 ተገዛ። ያን ዓመት ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሞተው ልጃቸው ኤድዋርድ ነገሡ። የኤድዋርድ መንግሥት ደግሞ ለሙታን የሚደረገውን ያን ሥርዓት ሰረዘው። ሒሳብ ሠርቼ ከማውቃቸው ሁሉ የከፋ ኢንቨስትመንት ይሄ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ማፍረስ ነው፤ እንግሊዝ ከካቶሊክ ወደ ፕሮቴስታንት የዞረችበት፣ ተሐድሶ የሚሉት ዘመን። እሱም ወጪ አለው።

በየቤተ ክርስቲያኑ ከመለያው በላይ ታላቅ የስቅለት ምስል ይቆም ነበር። ክርስቶስ መሐል፣ በግራና በቀኝ እመቤታችንና ዮሐንስ። ሥሩ ሻማ የሚበራበት ሰገነት አለ፤ ወደ እሱ የሚያወጣ ጠባብ ደረጃ ግድግዳው ውስጥ ተቦርቡሮ ይሠራል። በኤድዋርድ ዘመን ምስሉ ይውረድ ተባለ፤ ሥዕሉ በኖራ ይለቅለቅ ተባለ። ሕዝቡ ለሠራተኛ ከፍሎ አወረደ። በ1553 ሜሪ ነገሡ፣ ካቶሊካዊት ናቸው፤ ይመለስ ተባለ። ሕዝቡ ከፍሎ መለሰ። በ1558 ኤልሳቤጥ መጡ፤ እንደገና ይውረድ። ሕዝቡ ከፍሎ አወረደ። በ1561 ደግሞ ሰገነቱም ይፍረስ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ሁሉም በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ። ዛሬ ግድግዳ መሐል ላይ ወደ ባዶ አየር የሚከፈት ትንሽ በር ካያችሁ የዚያ ሰገነት ደረጃ ነው።

ሌላም ምልክት ልስጣችሁ። ከኔቩ ጎን ባለው ክፍል፣ በደቡቡ ግድግዳ ላይ፣ ትንሽ የተቦረቦረ የድንጋይ ሳህን ካገኛችሁ እዚያ ቦታ አንድ መንበር ነበር። የቅዳሴ ንዋያት የታጠቡበት ውኃ በዚያ ቀዳዳ ወደ መሬት ይወርዳል። መንበሩ ሄዷል፣ ሳህኑ ግድግዳው ውስጥ ስለሆነ ቀርቷል። ማስነቀሉ ተጨማሪ ወጪ ነዋ።

ከብላይበራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ዌንሃስተን አለ። እዚያ ያለው የፍርድ ቀን ሥዕል በሳንቃ ላይ የተሣለ ነው፤ ወደ 1500 አካባቢ። በተሐድሶው ጊዜ ኖራ ለቀለቁበትና በላዩ ላይ ለባለሥልጣን ስለመገዛት የሚናገረውን የሮሜ 13 ቃል ጻፉበት። (ምርጫው ራሱ ብዙ ይናገራል።) ሳንቃው እንዲህ ሆኖ ሦስት መቶ ዓመት ቆየ። በ1892 ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ «አሮጌ ሳንቃ» ተብሎ ግቢው ውስጥ ተጣለ። ሌሊቱን ዝናብ ዘነበ። ጠዋት ሲያዩ ኖራው ታጥቦ ፊቶች ብቅ ብለዋል። ቅዱስ ሚካኤል በሚዛን ነፍስ ሲመዝን፣ ሰይጣን አጠገቡ። ቅዱስ ጴጥሮስ የሚቀበላቸው ንጉሥ፣ ንግሥትና ጳጳስ ራቁታቸውን ናቸው፤ ዘውዱና ቆቡ ብቻ ራሳቸው ላይ ቀርቷል። መሐል ላይ ደግሞ ሦስት ቀለም ያልነካቸው ባዶ ቅርጾች አሉ፤ አንዱ የመስቀል፣ ሁለቱ የሰው። የስቅለቱ ምስሎች የተለጠፉበት ቦታ ነው። ሠዓሊው ከኋላቸው መቀባት ስላላስፈለገው ቅርጻቸው ብቻ ቀረ። ከሁሉ በላይ የማየው እነዚህን ባዶ ቦታዎች ነው።

ሁሉም ሰው ዝም ብሎ አላስረከበም። የሎንግ ሜልፎርዱ ሮጀር ማርቲን በልጅነቱ ያየውን ቤተ ክርስቲያን በኤልሳቤጥ ዘመን፣ በእርጅናው ጻፈው። የቱ ምስል የት እንደነበር፣ ኦርጋኑ የት እንደቆመ፣ በሆሳዕና ምን ይደረግ እንደነበር። ከኔቩ ጎን ባለው ክፍል ከአንድ መንበር በስተጀርባ የነበረው የስቅለት ቅርጽ ቤቱ ውስጥ እንዳለ ይናገራል። ወራሾቹ አንድ ቀን አድሰው ወደ ቦታው እንዲመልሱት ተስፋ ያደርጋል። አልተመለሰም። ሞርባዝ ላይም በሜሪ ጊዜ ሰዎች ከየቤታቸው የደበቁትን እያወጡ አመጡ፤ ቄሱ ማን ምን እንዳመጣ በደስታ መዝግበዋል። ከዚያ በፊት ግን፣ በ1549፣ በአዲሱ የጸሎት መጽሐፍ ላይ ምዕራቡ ሲያምፅ መንደሩ አምስት ወጣቶችን ስንቅና መሣሪያ ገዝቶ ወደ ዓማፅያኑ ሰፈር ልኮ ነበር። ይሄም በዚያው የወጪ መዝገብ ላይ ነው፤ አንድ መስመር።

ወደ ብላይበራ ልመልሳችሁና ዊልያም ዳውሲንግን ላስተዋውቃችሁ። አንድ መቶ ዓመት ወደ ፊት ሄደናል፤ ንጉሡና ፓርላማው የተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ነው። ዳውሲንግ በ1643 መጨረሻ ፓርላማውን ወክሎ በምሥራቁ ክፍል የተረፈውን ምስል እንዲያጠፋ ተሾመ። በ1643 እና 1644 በካምብሪጅሺርና በሰፎክ ከ250 በላይ አብያተ ክርስቲያናትን ዞረ። ማስታወሻ ይይዝ ነበር። አጭር፣ ደረቅ፣ ቁጥር በቁጥር፦ ይህን ያህል ሥዕል ሰበርን፣ ይህን ያህል መስቀል ይውረድ አልን። ከየአጥቢያው የሚያስከፍለውም ዋጋ አለው፤ በተለምዶ 6 ሽልንግ ከ8 ፔንስ። ለቀን ሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ ገደማ ነው። አስቡት፤ መስታወቱን ያስገባው ሕዝብ ነው፣ ለሰባሪው የሚከፍለውም ሕዝብ ነው። አፎርድ የምትባል መንደር ግን ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡባት ሰዎቹን ከሁለት ሰዓት በላይ ከበር አቆመቻቸው። እዚያ እስከ ጣሪያው የሚደርስ፣ አምስት ሜትር ከምናምን ቁመት ያለው የጥምቀት ገንዳ ክዳን አለ፤ ጫፉ ላይ ፔሊካን የምትባል ወፍ ደረቷን ትወጋለች። ዳውሲንግ ራሱ በማስታወሻው ግሩም ክዳን ብሎታል፤ እንደ ሮማው ጳጳስ ሦስት ድርብ ዘውድ ነውም ብሏል። ሙገሳ ይሁን ክስ አልለይም። ብቻ ዛሬም ቆሟል።

ብላይበራ በ1644 ሲደርስ 20 ኪሩቤል ይውረዱ ብሎ አዘዘ። መላእክቱ አልወረዱም። መሰላል፣ ሠራተኛ፣ ደመወዝ ይፈልጋል፤ ጣሪያው ደግሞ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ለረጅም ጊዜ መላእክቱ ላይ የተገኘው የጥይት እርሳስ የዳውሲንግ ሰዎች ተኩስ ነው ሲባል ኖሯል። ቱሪስት ይሄን ታሪክ ይወደዋል። እርሳሱ ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጣሪያው ላይ የሰፈሩትን ቁራዎች ለመግደል ከተተኮሰው ጋር ነው የሚሄደው። የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ለባሩድና ለእርሳስ የተከፈለውን ይዟል። ታዲያ ደረሰኝ መፈለግ ምን ክፋት አለው?

አንድ ነገር ቀረኝ፤ የአለቃው ዕዳ። በ1530ዎቹ መጨረሻ ገዳማቱ ሲዘጉ አስራታቸውም መሬታቸውም ለግለሰቦች ተሸጠ። ከመሬቱ ጋር ቻንስሉን የመጠገን ግዴታ አብሮ ሄደ። መሬቱ እየተሸነሸነ ሲሸጥ ግዴታውም እየተከተለ ሄደ፤ ገዢው ይወቀው አይወቀው። ዋሪክሺር ውስጥ፣ አስተን ካንትሎ በምትባል መንደር፣ አንድ ቤተሰብ በ1990ዎቹ ወደ 95 ሺህ ፓውንድ ገደማ ለቻንስል ጥገና ክፈሉ ተባለ። እርሻቸው በ1743 በአስራት ፈንታ ከተሰጠ መሬት ውስጥ ነበር። ክርክሩ ያኔ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እስከ ነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ፤ በ2003 ቤተሰቡ ተረታ። ሒሳቡ ከጠበቃ ወጪ ጋር ተደምሮ እርሻውን እስከ ማሸጥ አደረሳቸው። መንግሥት ነገሩን ለማጥራት ለአጥቢያዎቹ ቀን ቆረጠ፦ ከኦክቶበር 13 ቀን 2013 በፊት መብታችሁን በመሬት መዝገብ አስመዝግቡ፣ ካልሆነ መሬቱ ሲሸጥ ታጣላችሁ።

አንድ ወዳጄ እዚህ ቤት ሲገዛ ጠበቃው ከላከለት ወረቀት መሐል «የቻንስል ጥገና ምርመራ» የሚል መስመር አይቶ ደወለልኝ። «ይሄ ደግሞ ምንድነው? ቤተ ክርስቲያን አልገዛሁም እኮ!» አለኝ። ከገዳማቱ ጀምሬ ላስረዳው ስል «ስንት ነው ብቻ በለኝ» ብሎ አቋረጠኝ። ሐበሾች፣ እንግሊዝ አገር ቤት ልትገዙ ስትሉ ይሄ መስመር ቢመጣባችሁ አትደንግጡ። ምርመራው ርካሽ ነው። አደጋ ሊኖር ይችላል ከተባለም አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ኢንሹራንስ አለው፤ ከቤቱ ዋጋ አንጻር ምንም አይደለም። ግቡለት።